መስመሩ ተዘግቷል

የእትዬ አየለች ግቢ ከሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ከፍ ብሎ በነበረበት ዘመን፣ ወሬ ያለ ባለቤት አይገባበትም ነበር። ሌላ ግቢ ውስጥ «እገሊት ልታገባ ነው ተባለ» ብሎ ቁጭ ማለት ይቻላል። እትዬ አየለች ዘንድ ግን አይቻልም። መጀመሪያ ጆሯቸውን ሰጥተው እስከ መጨረሻው ያዳምጣሉ፤ ወሬውን አጣጥመው፣ አላምጠው፣ ሊውጡት ሲሉ ቆም ብለው «ማን አለ?» ይላሉ። አምጪው «እኔ እንጃ፣ እንዲሁ ተባለ» ካለ አለቀለት፤ በመጣበት እግሩ ይመለሳል። «ባለቤት የሌለው ወሬ የመንገድ ውሻ ነው፤ ማንን እንደሚነክስ አይታወቅም» ይላሉ። ሐሜት እንጂ ውሸት አይወዱም ነበር። የሁለቱ ልዩነት የገባው ሰው ግቢው ውስጥ በጣት የሚቆጠር ሲሆን፣ ከእነዚያ አንዷ ልጃቸው አስካለ ናት።

ግቢው ዛሬ የለም። ፈርሶ ነዋሪው አንዱ ወዲያ ሌላው ወዲህ ኮንዶሚኒየም ገብቷል። ወሬው ግን አልፈረሰም፤ ዕቃውን ጠቅልሎ ቴሌግራም ገባ። «የአየለች ግቢ» የሚባል ግሩፕ አለ፤ ዓይናቸው ፊደል ለመልቀም ስላልታዘዘላቸው እትዬ አየለች በድምፅ ብቻ ይሳተፋሉ። የሚሉትም ያው ነው፦ «ማን አለ?»

አስካለ አርባውን አልፋለች። ሥራዋ ኦዲተር ነው። ይህን ቃል ስታወጣ የሰው ፊት ይጠቁራል፤ ደረሰኝ ያለው ኪሱን ይደባብሳል፣ የሌለው ይጸልያል። እሷ ግን የምትመረምረው ሒሳብ አይደለም። ፋብሪካ ውስጥ ሞተር የሚያስነሱ፣ ምድጃ የሚያግሉ፣ ቧንቧ የሚከፍቱ ኮምፒውተሮች አሉ፤ እነዚህን ማን እንደሚያዛቸውና ማዘዝ የሌለበት ሰው ሹልክ ብሎ ገብቶ ሊያዛቸው ይችል እንደሆነ ታጣራለች። እትዬ አየለች ለጎረቤት ሲያስረዱ ያሳጥሩታል፦ «ልጄ የማሽን ሐሜት ሰሚ ናት።»

ፒያሳ፣ ካልፈረሱት አሮጌ ፎቆች በአንዱ ላይ፣ ደረጃው የሚንቋቋ ትንሽ ቢሮ አላት። የምትታወቀው ግን በቢሮዋ ሳይሆን በኪሷ ነው። የሰው መቆጣጠሪያ ክፍል ስትገባ ሁለት እጇን ኮት ኪሷ ውስጥ ትከታለች፤ እስክትወጣ አታወጣቸውም። ኦዲተር ያያል፣ ይጠይቃል፤ አይነካም። በሚሠራ ማሽን ላይ አንዲት የተሳሳተች ጣት ምን እንደምታደርግ ታውቃለች። ሠራተኞች «በርዷት ነው ወይስ ካልሲዋን እዚያ ነው የምታስቀምጠው?» እያሉ ይስቁባታል። ትስቃለች፤ እጇ ግን ኪሷ ውስጥ ነው።

ከራስ መኮንን ድልድይ ወረድ ብሎ አንድ የዳቦ ፋብሪካ አለ። ስሙ ይቆየን፤ ዳቦው ጥሩ ነው። ዱቄቱ የሚጠራቀመው ከብረት በተሠራ፣ ባለ ሦስት ፎቅ ቤት በሚያህል ጎተራ ውስጥ ነው። ከጎተራው ሥር እንደ ትልቅ ቡሎን የተጠማዘዘ ረጅም ብረት ተጋድሟል፤ ሲዞር ዱቄቱን እየጎተተ ወደ ማቡኪያው ይወስዳል። ሠራተኞቹ ዘንዶው ይሉታል። ስሙን ያወጣለት ቃለጽድቅ ነው። «ይውጣል እንጂ አያኝክም» ብሎ።

ቃለጽድቅ የግቢው ልጅ ነው፤ የአስካለ አብሮ አደግ። የግቢው የመብራት ቆጣሪ አንድ ነበር፤ ከእሱ ገመድ ስቦ የሚጠቀመው ግን ሰፈሩ ነበር፦ ልብስ ሰፊው፣ ጠጅ ቤቱ፣ ከጀርባ ያሉት ሁለት ቤቶች። ቆጣሪ አንባቢው ብቅ ሲል መጀመሪያ ያየው ልጅ «ቆጣሪ መጣ!» ብሎ ይጮኻል። በዚያች ጩኸት ገመድ ከግድግዳ ይነቀላል፣ ምድጃ አልጋ ሥር ይገባል፣ የስፌት መኪናው በቁሙ ዝም ይላል። የቃለጽድቅ ድርሻ ከያዘው ሁሉ ተነስቶ እየሮጠ መውጣትና ሰውየውን በር ላይ በወሬ ማቆየት ነበር። ቀልድ የተማረው እዚያ በር ላይ ነው። ጩኸቷ ከደሙ ገብታ ቀረች። በሠርጉ ዕለት አንዱ ተንኮለኛ ከአዳራሹ ጥግ «ቆጣሪ መጣ!» ቢል፣ ሙሽራው ከሙሽሪት ጎን ተነስቶ በር ድረስ ሄዷል። ሙሽሪት እስካሁን ይቅር አላለችም ይባላል። ማን አለ? ራሷ ናት ያለችው።

አሁን ወደ ፋብሪካው።

ፋብሪካው ሦስት ክፍሎች አሉት፤ ሦስቱም አይዋደዱም። ጥገናዎች ግራሶ የነካው እጃቸውን እያሳዩ «ሥራ የምንሠራ እኛ ነን» ይላሉ። መቆጣጠሪያ ክፍሎች ስክሪን ላይ ተፈናጠው «እኛ ባናይላችሁ የት ትገቡ ነበር» ይላሉ። የኮምፒውተር ክፍሎች ደግሞ ለማንም አይናገሩም፤ መልእክት ይልካሉ። ሻይ እንኳ አብረው አይጠጡም። ጥገናው ከጀበና ቡናዋ ሴትዮ፣ መቆጣጠሪያው ከፔርሙሱ፣ ኮምፒውተሩ ዳገቱን ወጥቶ ፒያሳ ማኪያቶ። ሦስቱ አንድ ላይ የሚታዩት ለቅሶ ቤት ብቻ ነው።

አስካለ መጀመሪያ ስትመጣ አንድ ነገር አገኘች። የማሽኑ ሠሪዎች ከባሕር ማዶ ሆነው በኢንተርኔት እየገቡ ማሽኑን የሚያዩበት መስመር አለ። ማየት ብቻ ቢሆን ደህና ነበር፤ ግን ማዘዝም ይችላሉ። አንድ ሰው አገሩ ቁጭ ብሎ፣ ቁርሱን እየበላ፣ ራስ መኮንን ድልድይ ሥር ያለውን ዘንዶ ማስነሳት ይችላል። «ይህ መስመር ይዘጋ» አለች። «የሚከፈተው ሦስታችሁም ስታውቁ ብቻ፤ ማሽኑ አጠገብ ሰው ሲኖር ደግሞ በጭራሽ።» ሁሉም እሺ አሉ። አራዳ ላይ እሺ ማለት ሰምቻለሁ ማለት ነው፤ አደርጋለሁ የሚለው ሌላ ቃል ነው።

የበዓሉ ሳምንት ገባ። አስካለ መዘጋቱን አይታ፣ ፈርማ ልትጨርስ በጠዋት መጣች። ከበሩ ሳታልፍ ከላይ ድምፅ ወረደባት።

«አስኩ! የማሽን ሐሜተኛ!»

ቀና ስትል ቃለጽድቅ የጎተራው አናት ላይ፣ ወገቡን በገመድ ታስሮ፣ አካፋ ይዞ ቆሟል። የገመዱን ጫፍ ተክላይ የሚባል ጎልማሳ ጓደኛው ይዟል።

«እዚያ ምን ትሠራለህ?»

«ዱቄቱ ረግቶ አልወርድም ብሏል፤ ገብቼ ላስታርቀው ነው። እናትሽን ሰላም በያቸው። ቃለጽድቅ ጎተራ ገባ በያቸው፤ ማን አለ ሲሉሽ ራሱ በይ!» ብሎ በክቡ ቀዳዳ ቁልቁል ገባ። አካፋው ብረቱን ሲነካ ጎተራው እንደ ደወል ጮኸ።

በሩ ላይ የጥገናው ኃላፊ ጋሽ ገብረዮሐንስ ጥቁር ኮታቸውን ለብሰው፣ ነጠላ ደርበው ሲወጡ አገኘቻቸው።

«ጋሼ፣ ወዴት ነው?»

«ሥላሴ ቀብር አለብኝ። የድሮ አለቃዬ ነው፤ ካልቀበርኩት አይቀብረኝም» አሉ። አይሳቁም፤ እንዲህ ያለውን የሚናገሩት ከልባቸው ነው። «ለሥራው አትስጊ ልጄ። መስመሩ ተዘግቷል።»

«እግዜር ይስጥልኝ።»

ደረጃው ላይ የኮምፒውተር ክፍሏ ፅናት ላፕቶፗን አቅፋ ስትወርድ ተገናኙ። ጨዋ ልጅ ናት፤ የቤተ ክርስቲያን መዘምራን ውስጥ ናትና ስትናገር ድምፅዋ ሳይቀር የተስተካከለ ነው።

«አስካልዬ፣ ለፊርማ መጣሽ? አትቸገሪ፣ መስመሩ ተዘግቷል። ማቲያስ ነገረኝ።»

«ጎበዝ» አለችና አለፈቻት። ሦስት ደረጃ ወጥታ እግሯ ቆመ።

ማቲያስ ነገረኝ?

ማቲያስ የመቆጣጠሪያ ክፍሉ ሰው ነው። የኢንተርኔቱን መስመር የምትዘጋው ፅናት ናት። የራሷን በር መዘጋት ከጎረቤት ሰማች ማለት ነው? ይሄ ወሬ እናቷ ፊት ቢቀርብ እዚህች ጋ ተይዞ ነበር። አስካለ ዞር ብላ ልትጠራት ስትል ፅናት ወርዳለች። ወደ ላይ ቸኮለች።

ማቲያስ ወንበሩን ወደ ኋላ ገፍቶ፣ ፔርሙሱን ከፍቶ ተቀምጧል። ከፊቱ ሰፊ ስክሪን ላይ ፋብሪካው በሥዕል ተዘርግቷል፤ ምድጃዎቹ ቀይ፣ ማቡኪያዎቹ ሰማያዊ፣ ጎተራውና ዘንዶው ከታች። አስካለ እጇን ኪሷ ከታ ከኋላው ቆመች።

«ማቲ፣ መስመሩስ?»

«ተዘግቷል።»

«ማን ዘጋው?»

«ተዘግቷል አልኩሽ እኮ።»

«ሰማሁ። ማን ዘጋው?»

«ኧረ አንቺ ሴትዮ! ጋሽ ገብረዮሐንስ ነው ያለው። ጠዋት መስመሩ ተዘግቷል፣ ልጁ ይግባ አለ። ገባ። ለፅናትም ነገርኳት።»

«የምን መስመር?»

ማቲያስ እንደ ሕፃን ጥያቄ ሳቀበት። «የመብራቱ ነዋ! ሰው ውስጡ ገብቶ የዘንዶው መብራት ሳይዘጋ ይቀራል?»

ጥንቅቅ ያለ ሰው ለመብራት ተቋረጠ ይላል። ፋብሪካ ውስጥ ግን ሁሉም ነገር ይዘጋል፤ በሩም፣ ቧንቧውም፣ መብራቱም፣ ስልኩም፣ ሰውም ሲኮራረፍ። መስመር የማይባል ነገርም የለም። አስካለ አገጯን ወደ ስክሪኑ ቀሰረች፤ እጇ ኪሷ ውስጥ ነዋ።

«ዘንዶው ሥር ያለችው አረንጓዴ ነጥብ ምንድን ናት?»

«እሷማ መብራት አለ ማለት...»

አልጨረሰውም። ሳቁ ፊቱ ላይ ደርቆ ቀረ።

«ለፅናት ደውልላት። በድምፅ ማጉያ።»

ፅናት አነሳች። አስካለ ሰላምታውን ዘለለች። «ፅኑ፣ ተዘግቷል ያልሽው መስመር የትኛው ነው?»

«የምርት መስመሩ ነዋ። ማቲያስ ነገረኝ፤ ማሽኑ ቆሟል፣ ሰውም የለበትም ማለት ነው ብዬ የውጪውን ከፈትኩላቸው። አቶ ሰመረ አዲሱ ሞተር ዛሬ ይሞከር ስላሉ። ምነው?»

ማቲያስ ከወንበሩ ተነሳ።

አንድ ቃል ነበር፤ ሦስት ሰው ጋ ሦስት ቦታ ሄደ። ጋሽ ገብረዮሐንስ የትኛውን መስመር እንደዘጉ እንጃ፤ የመብራቱን ግን አይደለም፤ አረንጓዴዋ ታበራለች። ማቲያስ መብራት ነው ብሎ ሰው አስገባ። ፅናት ሥራ ቆሟል ብላ የባሕር ማዶውን በር ከፈተች። ቃለጽድቅም ዘንዶው ጉሮሮ ላይ ቆሞ ዱቄት ያስታርቃል።

«ማቲ፣ ጎተራው ሥር ያለውን ቀዩን የማቆሚያ ቁልፍ የሚጫን ሰው ላክ!»

«አዲሱ ሞተር ሲገባ ተነቅሏል። ገና አልተገናኘም።»

«የመብራቱ ማቋረጫ፣ ብሬከሩስ?»

«ክፍሉ ተቆልፏል። መክፈቻው ጋሽ ገብረዮሐንስ ኪስ ነው።» ደወለላቸው። ስልኩ ዝግ ነው። ቀብር ላይ ስልካቸውን የሚዘጉ ሰው ናቸው፤ በዚያን ሰዓት ከሬሳው በቀር ሥላሴ ውስጥ ሊያገኛቸው የሚችል አልነበረም።

በሩ ተከፈተና የፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ አቶ ሰመረ ገቡ። ክራቫታቸው የላላ፣ ዓይናቸው እንቅልፍ ያጣ ሰው ናቸው። የበዓል ዳቦ ለከተማው ሊያደርሱ ቃል ገብተዋል።

«ወይዘሮ አስካለ፣ እንኳን ደህና መጡ። ተፈረመ?»

«አቶ ሰመረ፣ የውጪው መስመር ክፍት ነው፣ ዘንዶው መብራት አለው፣ ሰው ውስጡ አለ። ሙከራው ይቁም።»

«መስመሩ ተዘግቷል ተብያለሁ።»

«ማን አለዎት?»

«ተባለ እኮ ነው የምልዎት! ሙከራው ዛሬ ካልተደረገ ለበዓሉ አንደርስም። ሥራ ማስቆም የኦዲተር ሥራ ነው?»

«አይደለም። እየለመንኩዎት ነው።»

አቶ ሰመረ ትክ ብለው አዩአት፤ አክብሮቱ ከአፋቸው ወደቀ። «ገባኝ። ልጁ የግቢሽ ልጅ ነው አይደል? ለጎረቤትሽ ብለሽ ነው ከተማውን ዳቦ የምታስከለክዪው?»

መልስ ልትሰጥ አፏን ስትከፍት ማቲያስ «ኧረ!» አለ።

ማውሱ ጠረጴዛው ላይ ነው፤ የነካው የለም። ስክሪኑ ላይ ግን ነጯ ቀስት ተንቀሳቀሰች። ቀስ ብላ፣ ሰፈሩን እንደማያውቅ እንግዳ እየቆመች፣ በምድጃዎቹ በኩል አልፋ ወደ ታች ወረደች። ጥግ ላይ የባዕድ ስም ተጽፏል፤ ገብቷል።

አቶ ሰመረ ወደ ስክሪኑ ተጠጉ።

«ያዘው!» አለች አስካለ። «ማቲ፣ ቀስቱን ያዝበት!»

ማቲያስ ማውሱ ላይ ተወረወረ። ቀስቷን ወደ ላይ ጎተታት፤ ወደ ታች ተመለሰች። ደግሞ ጎተታት። ባሕር ማዶ ያለው ሰውዬ ማውሱ የተበላሸበት መስሎት ይሆናል፤ እልህ ያዘውና እሱም ጎተተ። አንዲት ቀስት በሁለት ሰው መሃል እንደ ሰካራም ትንገዳገድ ጀመር።

«ኮምፒውተሩን ልንቀለው?» አለ ማቲያስ።

«ምድጃዎቹን ማን ያያቸዋል? አትንቀል!» ወደ ስልኩ ዞረች። «ፅኑ፣ የውጪውን መስመር ገመድ ከግድግዳው ንቀዪው። አሁን።»

«ታች ነው ያለው፣ እየሮጥኩ ነው!»

አቶ ሰመረ ስልካቸውን አውጥተው ተክላይ ጋ ደወሉ። «ልጁን አውጣው! አሁኑኑ!» ተክላይ ስልኩን ሳይዘጋ ቀዳዳው ላይ ጎንበስ ብሎ ሲጣራ ይሰማል፦ «ቃሌ! ውጣ! አቶ ሰመረ ውጣ ብለዋል!» ከጎተራው ሆድ መልሱ እያስተጋባ መጣ፦ «ጠዋትም ብለዋል፣ ትናንትም ብለዋል! ሚስቴም ውጣ ብላለች፣ አልወጣሁም!» ከዚያ ሳቅ። ተክላይ ዕለት በዕለት ሲያሞኘው ይውላል፤ ዛሬ ቢምል ማን ያምነዋል? «ቃሌ፣ በማርያም!» «በትናንቱ ማርያም ነው በዛሬው?»

አስካለ በሩን አልፋለች።

ደረጃውን እንዴት እንደወረደች አታውቀውም። ግቢውን ስታቋርጥ ዳቦ የሚጭኑት ሰዎች የቢሮ ጫማ ያደረገች ሴት ስትሮጥ አይተው አፋቸውን ከፈቱ። የጎተራው መሰላል ቀጥ ያለ የብረት መሰላል ነው፤ በዱቄት ነጥቷል፣ ያንሸራትታል። አንድ ጫማዋ ወደቀ። ሌላውን ራሷ ጣለችው። ጆሮዋ ከእሷ ቀድሞ ብረቱ ላይ ተለጥፏል፤ የሞተር ድምፅ ይሆን? አካፋ ነው። አካፋው አሁንም ይጭራል። ይጫር። እባክህ ይጫር።

እጆቿ ሁለቱም ብረት ላይ ናቸው። ኪሷ ባዶ ነው።

አናቱ ላይ ስትደርስ ተክላይ ገመዱን ሁለት ክንዱ ላይ ጠምጥሞ እየጎተተ ነው፤ ቃለጽድቅ ግን ከታች ቀልድ መስሎት ገመዱን ይዞ ወደ ራሱ ይጎትታል። ጨለማው ውስጥ ነጭ ቆቡ ይታያል፤ እስከ ጉልበቱ ዱቄት ውስጥ ቆሟል።

ውጣ ብትለው ይስቃል። ሞትህ ነው ብትለው «ለቀብሬ ሥላሴ ቦታ ያዢልኝ» ይላል። ታውቀዋለች። በሆዷ ተኛች፣ ጭንቅላቷን ቀዳዳው ውስጥ ከተተች፣ በሕፃንነቷ ድምፅ፣ ግቢው ሲፈርስ አብሮ የተቀበረ በመሰላት ድምፅ ጮኸች፦

«ቆጣሪ መጣ!»

ጎተራው ሦስት አራት ጊዜ መለሰው። መጣ፣ መጣ፣ መጣ።

አካፋው ወደቀ። ቃለጽድቅ ለምን ብሎ አልጠየቀም፤ እግሩ ቀድሞት ሄዷል። የውስጡን መሰላል በእጁ ያዘው፣ ተክላይ ከላይ ሳበው፣ እንደ ድመት ወጣ። ትከሻው ሲደርስላት አስካለ አንገትጌውን ጨብጣ ወደ ኋላ ተደገፈች፤ ሦስቱም የጎተራው ጣሪያ ላይ ተዘረሩ።

ያኔ ብረቱ ከሥራቸው ነዘረ።

መጀመሪያ ጉርምርምታ፣ ቀጥሎ የሚያፏጭ ነገር። ቃለጽድቅ በክርኑ ተነስቶ ወደ ውስጥ አየ። ረግቶ የከረመው ዱቄት መሃሉ ላይ ተቀደደ፤ የቆመበት ቦታ እንደ ጉድጓድ ሰመጠ። የአካፋው እጀታ ቀጥ ብሎ ቆመ፣ ዞረ፣ ገባ። የሚሰበር እንጨት ድምፅ ተሰማ። ከዚያም ዘንዶው ጸጥ አለ፤ ማቲያስ ቀስቱን አሸንፎ፣ ፅናትም ገመዱን ነቅላ፣ ሁለቱም ትንሽ ዘግይተው።

ቃለጽድቅ ለረጅም ጊዜ አልተናገረም። በሕይወቱ ከዚያ በፊት እንዲህ ዝም ያለበት ጊዜ ስለመኖሩ የሚመሰክር የለም። ከሽፋሽፍቱ ዱቄት ይረግፋል። በመጨረሻ «አስኩ» አለ፤ «ቆጣሪው ሄደ?»

«ሄዷል» አለችው። ከዚያ ማልቀስ ጀመረች።

ታች ሁሉም ተሰብስቦ ነበር። ለቅሶ ሳይኖር ሦስቱ ክፍሎች አብረው ሲቆሙ የመጀመሪያቸው ነው። አቶ ሰመረ ፊታቸው አመድ መስሏል።

«የውጪው መስመር ለምን ተከፈተ?» አሉ።

ሁሉም መሬት መሬት አየ። ከዚያ ፅናት ድምፅዋ ሳይስተካከል «እኔ ከፈትኩት» አለች።

«ልጁን ያስገባሁት እኔ ነኝ» አለ ማቲያስ። «መብራቱን ሳላይ።»

«ሙከራው እንዲደረግ ደግሞ...» አቶ ሰመረ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ታዝዞ ነበር።»

አስካለ ባዶ እግሯን ቆማለች፣ ኮቷ ነጭ ሆኗል። ድምፅዋን አላነሳችም። «ማን አዘዘ?»

ሰውየው ክራቫታቸውን ነኩ፤ ማዶ ያለውን ጎተራ አዩ፤ ቃለጽድቅን አዩ።

«እኔ» አሉ። «እኔ አዘዝኩ።»

ጋሽ ገብረዮሐንስ ከቀብር የተመለሱት ይህ ካለፈ በኋላ ነው። ሲነገራቸው ነጠላቸውን አወረዱ። «እኔ የዘጋሁት የዱቄቱን መስመር ነው» አሉ። «ከላይ ዱቄት እንዳይወርድበት ብዬ። ለልጁ ብዬ።» ኪሳቸውን ዳብሰው የብሬከሩን ክፍል መክፈቻ አወጡና መዳፋቸው ላይ ትክ ብለው አዩት። «ይሄን ይዤ ሰው ልቀብር ሄድኩ» ብለው ከጎተራው ሥር ባለው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ማኪያቶ ጠጪዎቹ ከጀበና ቡናዋ ሴትዮ ቡና አምጥተው ሰጧቸው።

አስካለ በዚያን ዕለት አልፈረመችም። በበዓሉ ዋዜማ ዳቦ ከወትሮው አነሰ፤ ድልድዩ አካባቢ የዳቦ ሰልፉ ረዘመ፤ ሰውም «ዱቄት ተሰርቆ ነው ተባለ» እያለ አማ። ፋብሪካው ውስጥ ግን ተዘግቷል የሚል ቃል ነውር ሆነ። ስልክ እንኳ ተዘግቷል ያለ ሰው «ማን ዘጋው? የምኑን?» ይባላል። ቀዩ ቁልፍ ተገናኘ። ጎተራ የሚገባ ሰው ብሬከሩን ራሱ አውርዶ ቁልፍ ያንጠለጥልበታል፤ መክፈቻውን ይዞ ይገባል። ቃለጽድቅ መክፈቻውን የሚያስረው ማተቡ ላይ ነው። «አንዱ ለነፍሴ፣ አንዱ ለሥጋዬ» ይላል፤ ይህን ሲል ግን አይስቅም።

አስካለ የፈረመችው ይህን ሁሉ በዓይኗ አይታ፣ ከበዓሉ በኋላ ነው። መቆጣጠሪያ ክፍሉ ውስጥ፣ እጇን ኪሷ ከታ፤ ለፊርማው ብቻ አወጣችው።

ቃለጽድቅ በተረፈበት ዕለት ማታ ግን «የአየለች ግቢ» ግሩፕ ላይ ወሬው ከእሷ ቀድሞ ደርሶ ነበር። ከልብስ ሰፊው ልጅ፦ «ቃለጽድቅ በማሽን ሊበላ ሲል ተረፈ ተባለ።» ከሥሩ የሚያለቅሱ ምልክቶች፣ «እግዚአብሔር ይመስገን»፣ «የት?»፣ «ውሸት ነው» ተደረደሩ። ቀጥሎ የእትዬ አየለች ድምፅ መጣ፤ ከጀርባው ዶሮ ይጮኻል።

«ማን አለ?»

ሦስት ነጥቦች ታዩ፣ ጠፉ፣ እንደገና ታዩ። ከዚያ አንድ አጭር የድምፅ መልእክት ገባ፤ ገና ዱቄት ያልለቀቀው፣ የሻከረ ጉሮሮ ነው።

«እኔ አልኩ፣ እትዬ። ቃለጽድቅ ነኝ።»